ባምቢ ካዝና ገባ

ወርቅ ካዝና ይገባል፤ የቤት ካርታም ይገባል። የአጋዘን ግልገል ካዝና ሲገባ የሰማሁት ግን ዲዝኒ ቤት ብቻ ነው።

ኩባንያው ድሮ የቆዩ የካርቱን ፊልሞቹን በየሰባት ዓመቱ ገደማ ወደ ሲኒማ ቤት ይመልስ ነበር። በሰባት ዓመት የትናንቶቹ ሕፃናት ፂም ያቀመቅማሉ፣ አዳዲሶቹ ጥርስ ያበቅላሉ፤ ትኬቱም እንደገና ይሸጣል። የቪዲዮ ካሴት ሲመጣ ሹማምንቱን ጭንቅ ያዛቸው። ፊልሙን ሳሎኑ ያስቀመጠ ሰው ለሰባት ዓመት ምን ይናፍቃል? ስለዚህ ጥቂት ጊዜ ሸጦ መልሶ «ካዝና» ውስጥ መቆለፍ ሆነ ዘዴው። እ.ኤ.አ. በ1991 «ፋንታዚያ» ገበያ ላይ የቆየው 50 ቀን ብቻ ነው። በ1937 የተሠራችው «ስኖው ዋይት» ደግሞ በካሴት ስትወጣ 1994 ሆኗል። ምስኪን፣ በመስታወቱ ሣጥን ውስጥ እንኳ ይህን ያህል አልተኛችም!

የእኛ ነጋዴ ስኳር ሲደብቅ ጨለማ ይጠብቃል፤ ይሉኝታ አለው። እነዚህ ግን ልንደብቅ ነውና ፍጠኑ ብለው በቴሌቪዥን ያስነግሩ ነበር። ሕዝቡም ይሰለፍ ነበር።

ቨርጂኒያ የሚኖረው አማቼ ከተሰለፉት አንዱ ነው። ጎኑ ላይ የጥቁር አልማዝ ምልክት ያለበትን «ውበትና አውሬው»ን ምድር ቤቱ ውስጥ በፎጣ ጠቅልሎ ይዞታል። እንዲህ ዓይነቱ ካሴት ኢንተርኔት ላይ በሺህ ዶላሮች ሲጠራ አይቷል። በሚሊዮን የታተመ ዕቃ መሆኑን ብነግረው ፊቱን አጠቆረብኝ።

«ለመሆኑ ገዢ መጥቷል?» አልኩት።

«ገዢ ምን ያደርጋል? ዋጋ አለው እኮ!»

ልጁ አጠገባችን ተጋድማ ያንኑ ፊልም በስልኳ ታያለች። ከ2019 ወዲህ የኩባንያው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ፣ ዲዝኒ ፕላስ፣ ካዝናውን ከፍቶታል። የካሴት ማጫወቻ ምን እንደሆነ ብትጠየቅ የምታውቅ አይመስለኝም።

ሁሉም ግን አልወጣም። የ1946ቱ «ሶንግ ኦቭ ዘ ሳውዝ» የአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ጥቁሮችን የእርሻ ኑሮ አሳምሮ በማቅረቡ ስለተወገዘ አሜሪካ ውስጥ በካሴት ወጥቶ አያውቅም። መቆለፉም አግባብ ይመስለኛል፤ ለገበያ ማሟሟቂያ ካልተቆለፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። ይህን ለአማቼ ሳስረዳው፣ እንግሊዝ አገር ግን በካሴት ተሸጦ እንደነበር ከአፌ አምልጦኝ ጨመርኩ።

ከሶፋው ቀና አለ።

«ለንደን ማን አለን?»