የጥር ታዳሚ፦ በራያ ቆላ የአንድ ወር የሙዚቃ ጽናት ላይ የቀረበ ጥናት

የሙዚቃ አፍቃሪ የሚመዘነው በትኬቱ ነው። ስንት ጊዜ ከፍሎ ገባ፣ ስንት ሰዓት ተቀመጠ፣ መጨረሻውን ሳያይ ወጣ ወይስ ቆየ፤ ከዚህ ሌላ መለኪያ እስካሁን አልተገኘም። በዚህ መለኪያ የሚሄድ ሰው ቪየናን ይጠራል፣ ለንደንን ይጠራል፣ አገሩን የሚወድ ከሆነ አዲስ አበባን ያክልና ይዘጋል። ከወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ወደ አላማጣ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችውን ቆቦን የሚያነሳት የለም። ይህ ጥናት የተነሳው ይህን ግድፈት ለማረም ነው። ሙግታችን አጭር ነው። ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ባለው ጊዜ በራያ ቆላ የሚኖር፣ ለአቅመ ጥሪ የደረሰ ማንኛውም ሰው፣ በዓለም ላይ ካሉት የሙዚቃ ታዳሚዎች ሁሉ ጽኑው ነው። እስከ ዛሬ ከቁጥር የወጣው ሰርገኛ ተብሎ ስለተመዘገበ ብቻ ነው።

በሌላው ዓለም የሙዚቃ ወቅትን የሚወስን ሥራ አስኪያጅ አለ። የራያ ቆላን ወቅት የሚወስኑት ግን ማሽላና ባሕረ ሐሳብ ናቸው። ማሽላው በኅዳርና በታኅሣሥ ታጭዶ ሲያልቅ፣ ከዞብል ተራራ ሥር እስከ ምዕራቡ የላስታ ዳገት ድረስ ያለው ሜዳ ይራቆታል፤ የሰውም እጅ ይፈታል። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ በጊዜው በጠለፋ ማሳ ገብቶ ከሆነ የዓመቱ ሰርግ ይደምቃል፤ ሳይገባ ቀርቶ ከሆነ፣ ወይም እንደ 2013ቱ የበረሃ አንበጣ ያልተጠራ እንግዳ ቀድሞ ማዕዱን አንስቶ ከሆነ፣ ድግሱ ለከርሞ ይባላል። መክፈቻው እንዲህ ሲሆን መዝጊያውን የሚቆርጠው ባሕረ ሐሳብ ነው። ጥምቀት ከጥር 11 ንቅንቅ አይልም፤ ዐቢይ ጾም ግን ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ይገባል። እንግዲህ ወቅቱ ባጠረ ዓመት 20 ቀን፣ በረዘመ ዓመት 54 ቀን ነው ማለት ነው። ከዚህ ላይ ጾመ ነነዌ 3 ቀን ይወስዳል፤ ረቡዕና ዓርብም ድርሻቸውን አይተዉም። በጠበበ ዓመት የሰርጉ ቁጥር ይቀንሳል ብሎ የሚጠብቅ ኢኮኖሚስት ይኖር ይሆናል፤ ሰርጉ ግን አይቀንስም፣ ይደራረባል እንጂ። ለአንድ እሑድ ከጎብዬ፣ ከሮቢትና ከቆቦ ጥሪ የደረሰው ሰው ሦስቱንም ያዳርሳል፤ በአንዱ ይበላል፣ በአንዱ ይጨፍራል፣ በአንዱ ያመሻል። የሙስሊሙ ሰርግ ደግሞ በሌላ አቆጣጠር ስለሚሄድና ረመዳንም በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም፣ ከሁለቱም ወገን ጎረቤትና ዘመድ ያለው ሰው ሳይማር የሁለት ቀን መቁጠሪያ ሊቅ ይሆናል። ይህን ያህል የሥነ ፈለክ ዕውቀት ከታዳሚው የሚጠይቅ ኦርኬስትራ እስካሁን አልተቋቋመም።

ስለ አዳራሹ ጥቂት እንበል። በወልድያ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የሼህ ሙሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ስታዲየም 25 ሺህ ያህል ሰው ይይዛል፤ ከዚያ በላይ የመጣ ውጭ ይቀራል። ዳስ ግን እንዲህ ዓይነት ድክመት የለበትም። ሰው ሲበዛ በአንድ ጎኑ ይገለጥና ግቢው ይጨመርበታል፣ ግቢው ሲሞላ መንገዱ ይጨመርበታል፤ የባጃጁ ሾፌርም ዞሮ ይሄዳል። የቆቦ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የጥር ሌሊት እንደ ደጋው ጥርስ አያንቀጫቅጭም፤ ታዳሚው በኩታ ብቻ እስኪነጋ መቆም ይችላል። ስለ ረጅም ሙዚቃ ሲወራ የሪቻርድ ዋግነር ስም ይነሳል። በ1876 እ.ኤ.አ. በጀርመን ባይሮይት ያሠራውን ቲያትር ሲከፍት ያቀረበው ሥራ በአራት ምሽት ተከፋፍሎ በድምሩ 15 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ይህን ያህል መቀመጥ ጽናት ይጠይቃል። በራያ ሰርግ ግን ከዋዜማው ጭፈራ ተነስቶ የሚቆጥር ሰው 15ኛው ሰዓት ሲሞላ ገና ሙሽራዋ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ሊሆን ይችላል፤ መልሱና ቅልቅሉ ከፊት አሉ። በባይሮይት ደግሞ ወንበር ነበረ።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከሆድ በኩል የሚመጣ ነው። «ሰውየው የሚሄደው ለሥጋው ነው እንጂ ለዘፈኑ አይደለም» ይላሉ። ይህን የሚሉ ሰዎች ምግብና ሙዚቃ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲገናኙ ሙዚቃው ይረክሳል ብለው ያስባሉ፤ ታሪክ ግን አይደግፋቸውም። ጆን ባኒስተር የተባለው ቫዮሊን ተጫዋች በ1672 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ቤቱን ከፍቶ በነፍስ ወከፍ 1 ሺሊንግ እያስገባ ሙዚቃ ማሰማት ሲጀምር፣ ታዳሚው ያሻውን እያዘዘ ያዳምጥ ነበር። በ1778 እ.ኤ.አ. በተከፈተው በሚላኑ ላ ስካላም መኳንንቱ በየግል ክፍላቸው ራት ይበሉ፣ በመግቢያው አዳራሽም ቁማር ይጫወቱ ነበር፤ ማንም ግን ላ ስካላን ምግብ ቤት አላለውም። የራያው ማስረጃ ከዚህም የጠራ ነው። ምግቡ የሚቀርበው በቀን ነው። ለሥጋው የመጣ ሰው እጁን ታጥቦ፣ መርቆ፣ ጎህ የሚያስቀድደውን ጭፈራ ለሌሎች ትቶ በሄደ ነበር፤ ዳሱ ግን የሚሞላው ድስቱ ከተገለበጠ በኋላ ነው። ተረቱም ለእኛ ይመሰክራል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ሲባል፣ በርበሬው የታሰበው ሰርገኛው ደጅ ከደረሰ በኋላ መሆኑን ልብ ይሏል። ወጡ ዋና ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይረሳም ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ትኬት የለም የሚል ነው። ይህ ከሁሉም ደካማው ነው፤ ሆኖም የሒሳብ ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እናየዋለን። በዳሱ አፍ አካባቢ ደብተር ይዞ የተቀመጠ፣ መነጽር ካለው መነጽሩን ያደረገ ሰው አለ። የገባው ሁሉ ስሙንና የሰጠውን ያስጽፋል። ይህ ገንዘብ ስጦታ ይባላል፤ ነገር ግን ተጽፎ የሚቀመጥ፣ ዓመታት ቆይቶ የሰጪው ልጅ ሲዳር ተፈልጎ የሚነበብ፣ በዚያን ጊዜም ከፍ ብሎ እንጂ ዝቅ ብሎ የማይመለስ ስጦታ ምን ዓይነት ስጦታ ነው? የዓመት ትኬት ነው። እንዲያውም ከዓመት ትኬት ይበልጣል፤ የቪየናው ደንበኛ ሳይታደስለት ቢቀር የሚያጣው ወንበሩን ነው፣ የቆቦው ሰው ቢቀር የሚያጣው ለራሱ ልጅ ሰርግ የሚመጣውን ሕዝብ ነው። ከዚህ መደበኛ ክፍያ ሌላ ውስጥ ከተገባ በኋላ የሚጠየቅ አለ። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ይመጣና የታዳሚውን ስም፣ ቀጥሎ የአባቱን፣ ቀጥሎ አባቱ ያረሰውን መሬት እያነሳ ያወድሰዋል፤ ታዳሚውም ብር አውጥቶ በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል። ዝርዝር የለኝም የሚል መልስ እዚህ ቦታ ተቀባይነት የለውም፤ አዝማሪው ያንኑ መልስ ግጥም ሊያደርገው ይችላልና። በዓለም ታላላቅ አዳራሾች ውስጥ ቫዮሊኑ የአድማጩን አያት ስም ጠርቶ ሒሳብ የጠየቀበት ማስረጃ አላገኘንም።

አድማጭ ማለት ዝም ብሎ የሚያዳምጥ ነው፣ የራያ ሰው ግን አንድም ደቂቃ ዝም አይልም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ አይልም። አውጪዋ ስታወጣ መቀበል ግዴታው ነው፤ ካልተቀበለ ዘፈኑ መንገድ ላይ ይቀራል። እጁ ያጨበጭባል፣ ትከሻው ይሠራል፣ ዱላውም ከበሮው በመታ ቁጥር ወደ ላይ ይነሳል። ጉማዬ የሚባለው ጭፈራ ሲነሳ ከዳር የቆመ ሰው ዳር የሚባለው ቦታ ራሱ ይጠፋበታል። ከአማርኛ ወደ ትግርኛ፣ ከትግርኛም ወደ አማርኛ በአንድ ዘፈን ውስጥ ሲታለፍ አስተርጓሚ የጠየቀ የለም። ዝምታ የአድማጭነት ምልክት ነው የሚለው ሐሳብ ራሱ ዕድሜው አጭር ነው፤ አውሮፓ ውስጥም የጸናው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ዘፈኑ ያው በያው ነው ለሚሉትም፣ ከአራቱ ታላላቅ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች መጠራታቸውን ማስታወስ ይበቃል። በስሙ የሚጠራ ቅኝት ያለው አገር ያንኑ ደግሞ ቢሰማው አይገርምም። የተኩሱ ጉዳይ ብቻ ያስቸግራል። በሰርግ ላይ ጥይት መተኮስ አደገኛ ነው፤ ይህ ጥናት አይደግፈውም። ነገር ግን ሙዚቃ አይደለም ለማለት የሚቸኩል ሰው፣ ሩሲያዊው ቻይኮቭስኪ በ1880 እ.ኤ.አ. በጻፈው የ1812 መክፈቻ ውስጥ መድፍ ማስገባቱን ሰምቶ ይቸኩል። በቆቦና በሞስኮ መካከል ያለው ልዩነት፣ ሞስኮ ላይ መቼ እንደሚተኮስ ወረቀት ላይ መጻፉ ነው።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ የከበደው የሞንታርቦ ነው። ዛሬ ከበሮውና ማሲንቆው ብቻቸውን አይመጡም፤ ጀነሬተር፣ ኪቦርድና ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሞንታርቦ አስከትለው ነው የሚመጡት። በአንዳንድ ሰርግ ሙዚቀኛው ጭራሽ ቀርቶ ዲጄ ብቻ ይቆማል። ፍላሽ ሰክቶ የሚያጫውት ሰው ባለበት ስለ ሕያው ሙዚቃ ማውራት ይቻላል ወይ? ይህን ተቃውሞ በከፊል እንቀበላለን፤ እንዲህ ያለው ሰርግ ከቆጠራችን ይውጣ። ሙሉ በሙሉ ግን አይወጣም። ዲጄው የከፈተውን ዘፈን ሴቶቹ በከበሮ ሲደርቡበት፣ ከበሮው በመጨረሻ ሲያሸንፍ፣ ጀነሬተሩ ነዳጅ ጨርሶ ሲጠፋና ጭፈራው ሳይቋረጥ ሲቀጥል ያየ ሰው፣ ሕያው የሆነውና ያልሆነው የት ላይ እንደሚለያዩ መናገር ይከብደዋል። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ እሑድ ሲድሩ ደግሞ በመካከላቸው የሚኖር ሰው ሁለት ሰርግ በአንድ ጊዜ ያዳምጣል፤ አንደኛው በግራ ጆሮው፣ ሌላው በቀኝ። አሜሪካዊው ቻርልስ አይቭስ ሁለት የማርሽ ባንዶች ሲደራረቡ የሚሰማውን ድምፅ ወደ ኖታ ለውጦ በዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ቦታ አግኝቷል። ቆቦ ላይ ይህ በነጻ ይቀርባል፤ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ግን ባይቀርብለት ይመርጣል፣ በዚህም እንስማማለን።

ታዳሚውን ሁሉ ወንድ አስመስላችሁ ጻፋችሁ ቢባል መልስ አለን። በጥር ከበሮውን የምትመታውም፣ የምታወጣውም፣ ማታ ዕቃ የምታጥበውም ሴቷ ስለሆነች ከታዳሚው ጎራ መመደቧ ስህተት ይሆን ነበር፤ እሷ ሙዚቀኛ ናት፣ ያውም ያልተከፈላት። የእሷ ወቅት የሚመጣው ፍልሰታ ሲፈታ ነው። ዋግ ላይ ሻደይ፣ ላስታ ላይ አሸንድዬ የሚባለው በዓል እዚህ ሶለል ሆኖ ከነሐሴ 16 ጀምሮ ይከበራል፤ ልጃገረዶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ ከበሮ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ይዞራሉ። እዚያ ላይ ታዳሚው ወደ ሙዚቃው አይሄድም፤ ሙዚቃው መጥቶ ይከበዋል፣ ሳይከፍልም አይለቀውም። የጥር ሰርገኛ ቢያንስ በእግሩ ነው የሚሄደው።

ስለዚህ ብይናችን ይህ ነው። የራያ ቆላ የጥር ታዳሚ በሙሉ ማዕረጉ የሙዚቃ ታዳሚ ተብሎ ይመዝገብ፤ ቆቦም ከቪየና ቀጥሎ ሳይሆን ከጎኗ ትጻፍ። ለአንባቢ የምንጨምረው አንድ ተግባራዊ ማሳሰቢያ አለ። በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 9 ስለገባ ከጥምቀት ወዲህ የነበረው ወቅት 28 ቀን ብቻ ነበር፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ስለጀመረ ሁለቱም አዳራሾች በአንድ ሳምንት ተዘጉ። በ2019 ግን ጾሙ የሚገባው የካቲት 29 ሰኞ ነው፤ ወቅቱ 48 ቀን ይሆናል፣ 20 ቀን ይጨምራል። የሚድር ሰው ከሌላው ጋር እንዳይደራረብ ቀኑን ከወዲሁ ይቁረጥ። የሚጠራውም ጫማውን ያስጠግን።