የሕፃናት ልደት ወጪ በአዲስ አበባ፤ ስለ ቋጠሮ ከተጨመረ ሐተታ ጋር

ስለ ሠርግ ወጪ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ተዝካርም ብዙ ተወቅሷል። የሕፃናት ልደት ግን በየዓመቱ የሚመለስ፣ ባለቀኑ ሻማ እፍ ከማለት በቀር እምብዛም የማይፈለግበት ድግስ ሆኖ ሳለ እስከ ዛሬ የምሁራንን ዓይን አልሳበም። ይህ ጥናት ያንን ጉድለት ለመሙላት የተሰናዳ ነው። ወሰኑ አዲስ አበባ ሲሆን፣ የሚመለከተውም ከ1 እስከ 10 ዓመት ያሉትን ነው። ከ10 ዓመት በላይ ያለ ልጅ «ድግሱ ይቅርና ገንዘቡን በእጄ ስጡኝ» ስለሚል ጉዳዩ ከልደት ወደ ድርድር ይሻገራል።

ለታሪክ ያህል፣ የድሮ ሰው የሚያውቀው የተወለደበትን ቀን ሳይሆን የተወለደበትን ሰሞን ነበር። «አንተን የወለድኩህ በጥምቀት ዋዜማ ነው፣ ጥጃዋ በጠፋች ዓመት» ከተባለ ነገሩ ያበቃል። ሰሞን ደግሞ ኬክ አይታዘዝለትም። ከዚያ የድፎ ዳቦ ዘመን መጣ። እናት ትደፋለች፣ ፈንዲሻ ይፈነዳል፣ ቡና ይፈላል፣ የሰፈር ልጅ ሳይጠራ ይመጣል፤ መብራት ሲጠፋ የሚበራው ሻማ ተቆርጦ ድፎው ላይ ይሰካል። ያን ዘመን ያየ ሰው ዛሬ ሲያወራው ድምፁ ይለሰልሳል። «እንደሱ እናድርገዋ» ቢሉት ግን «የክፍሉ ልጆች ወላጆች ምን ይሉናል?» ብሎ ባለ ሁለት ደርብ ኬክ ያዛል።

መለኪያን በተመለከተ፣ የልደትን ወጪ በብር ማስላት አያዛልቅም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር፣ ከውጭ የሚመጣ ፊኛና መጫወቻ ዛሬ የተጠየቀበት ዋጋ በሚቀጥለው ወር ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ ጥናቱ «ደሞዝ» በተባለ አሃድ ይጠቀማል። አንድ ደሞዝ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ አንድ ባለዲግሪ የመንግሥት ሥራ ሲይዝ የሚነሣበት 11,500 ብር ነው፤ ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ። ከተቆረጠ በኋላ ያለው ለመለኪያነት ያንሳል።

ልደት በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው የትምህርት ቤት ልደት ነው፤ ኬክና ከረሜላ ለሚስ ተሰጥቶ፣ ክፍሉ በሙሉ ዘምሮ በአንድ የዕረፍት ሰዓት ያልቃል። ሁለተኛው የቤት ልደት ነው። ሦስተኛው የአዳራሽ ልደት ሲሆን ዲኮር፣ የፊኛ ቅስት፣ ፎቶ አንሺ፣ ፊት ቀቢ፣ በአየር የሚነፋ መዝለያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አሉት። የአዳራሹን ልደት ጥናቱ አይነካውም፤ በብዙ ደሞዝ ስለሚለካ ከአጥኚው አቅም በላይ ነው። የትምህርት ቤቱም ርካሽ መሆኑ በሰፊው ይታመናል፤ ነገር ግን ማታ ልጁ «የቤቱስ መቼ ነው?» ብሎ ስለሚጠይቅ ራሱን ችሎ አይቆምም። ስለዚህ ከዚህ በታች ልደት ሲባል የቤቱ ነው።

ወጪውን ከሚያንሩት ነገሮች የመጀመሪያው የቀን አቆጣጠር ነው። አንድ ልጅ ሁለት ልደት አለው፤ የእኛና የፈረንጁ። ብልህ ወላጅ አንዱን ይመርጣል፤ አያት ግን ሌላኛውን ትመርጣለች። በንድፈ ሐሳብ ደረጃ ለወላጅ የሚበጀው ጳጉሜን 6 መወለድ ነው፤ ቀኑ በ4 ዓመት አንዴ ብቻ ስለሚመጣ። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ ትክክለኛ ቀኑን የሚያየው በ2019 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሆኖም የፈረንጁ አቆጣጠር ያንኑ ቀን፣ ሴፕቴምበር 11ን፣ በየዓመቱ ያመጣዋል፤ በሌሎቹ ዓመታትም የሚውለው መስከረም 1 ላይ ነው። ስለዚህ እናት ዶሮ እየሠራች ኬክ ትቆርጣለች ማለት ነው። ከልደት ማምለጫ የለም።

ሁለተኛው ጾም ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም አለ፣ የነቢያት አለ፣ ከዚያም ልጆች ራሳቸው ካልጾምን ብለው የሚያለቅሱበት ፍልሰታ አለ። «ቅዳሜ እናደርገዋለን» የሚለው መፍትሔ በዐቢይ ጾም አይሠራም፤ ቅዳሜውም እሑዱም ከሥጋና ከወተት ይጾማል። ኬክ ቤቶች ለዚህ እንቁላልም ቅቤም የሌለበትን የጾም ኬክ አዘጋጅተዋል። ነገር ግን የጾም ኬክ የታዘዘ እንደሆነ ልጁ «ክሬሙስ?» ይላል፤ የፍስኩ የታዘዘ እንደሆነ አያት ከሶፋው ሳይነሡ «ግድ የለም፣ እኔ ውኃ ይበቃኛል» ይላሉ። ከዚህ ዓረፍተ ነገር በኋላ ሁለተኛ ኬክ ይገዛል።

በሥጋው በኩል ደግሞ የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ የተለያየ በመሆኑ ባለቤቷ ሁለት ድስት መጣድ አለባት፤ አለዚያ ሥጋውን መተው። አጥኚው በዚህ ረገድ አንድ ነገር አረጋግጧል። የምስር ሳንቡሳ ጾመኛውም፣ ፍስከኛውም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም፣ ሐኪም ሥጋ የከለከለውም የሚበላው ነገር ነው። ደግሞ ርካሽ ነው። የምስር ሳንቡሳ ብቻ አቅርቦ ልደት ያከበረ ሰው ግን በጥናቱ አልተገኘም፤ «ሳንቡሳ ብቻ!» የሚለውን ሐሜት የሚችል ጀርባ ገና አልተፈጠረም።

ሦስተኛው አዋቂ ነው። ጥሪው በኮሙኒኬሽን ቡክ ውስጥ ተጣጥፎ ሲላክ የተጠራው ልጁ ብቻ ነው። ልጁ ግን ብቻውን አይመጣም። አባቱ በር ላይ ቆሞ «አድርሼው ልመለስ ነው» ይላል፣ እንዲገባ ይለመናል፣ ይገባል፣ ሁለተኛው ሳጥን ቢራ እስኪከፈት ይቀመጣል። ልጆቹ ግማሽ ጠርሙስ ሚሪንዳ ጠጥተው ግማሹን ምንጣፍ ላይ ሲያፈሱ፣ አባቶቹ ስለ ሊብሬና ስለ ኮንዶሚኒየም እያወሩ 24 ጠርሙስ ያወርዳሉ። በነጋታው ባዶ ጠርሙስ ሲቆጠር ሁልጊዜ ይጎድላል፤ የጎደለውንም ባለቤቱ ይከፍላል። የልጆች ልደት የሚባለው ነገር፣ ልጆች በሌላ ክፍል የሚጮሁበት የአዋቂዎች ግብዣ መሆኑ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል።

የስጦታው ነገር በአጭሩ፦ ዳኛና ጸሐፊ የሌለው እቁብ ነው። ማን ምን እንዳመጣ እናቶች በቃላቸው ይይዛሉ፤ ያንኑ ያህል ይመልሳሉ፤ የዋጋ ንረቱንም ያስባሉ። ካርቶኑ ያልተከፈተ መኪና ከልደት ወደ ልደት ሲዞር ይኖራል።

አሁን ወደ ቋጠሮ እንግባ።

ቋጠሮ እንግዳ ሲወጣ ላልመጣ ሰው ይዞለት የሚሄደው ኬክ ነው። በወጪ ዝርዝር ላይ ስሙ አይጠቀስም። ኬክ ቤቱ «ለስንት ሰው ይሁን?» ሲል «ለ40» የሚባለው ግን በእሱ ምክንያት ነው። የተጠሩት 25 ናቸው፤ 15ቱ ቤታቸው ተቀምጠው የሚበሉ ናቸው።

በተቀባዩ ሲመደብ ቋጠሮ አራት ዓይነት ነው። ለታናሽ («እንቅልፍ ወስዶት ነው የቀረው»)፣ ለአያት (የጾሙ)፣ ለዘበኛና ለቤት ሠራተኛ፣ እንዲሁም «ለቤት»። ከሁሉም ትልቁ አራተኛው ነው። «ቤት» ማን እንደሆነ አይጠየቅም፤ ስንት ሰው እንደሆነም አይጠየቅም።

የአጠያየቁ ሥርዓት ጥብቅ ነው። እንግዳዋ ቋጠሮ አትጠይቅም። ጆሮው ድረስ ክሬም የተቀባውን ልጇን እያየች «ውይ፣ አፈር ልብላልህ፣ ዛሬ ምንም ሳትበላ!» ትላለች። ባለቤቷ ይህን ከሰማች በኋላ ምርጫ የላትም፤ «ኧረ ቆይ፣ ለእሙዬም ሳልቋጥርልሽ!» ትላለች። እንግዳዋ «ተይው እቴ፣ ምን አስቸገረሽ» ብላ ሁለት ጊዜ እንቢ ማለት ይጠበቅባታል። ሦስተኛው እንቢታ እንደ እውነት ስለሚቆጠር ሊቃውንቱ አይመክሩትም። በዚህ መሐል ቦርሳዋ ተከፍቷል።

በመጠቅለያው ሲመደብ ነገሩ ይሰፋል። የሶፍት ቋጠሮ ጥንታዊው ነው፤ ታክሲ ውስጥ ሶፍቱና ክሬሙ ተዋሕደው አንድ ባሕርይ ስለሚሆኑ እቤት ሲደርስ አብረው ይበላሉ። የፌስታሉ፣ ምክር ቤቱ ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ካጸደቀ ወዲህ፣ ከማጀት በስተጀርባ በሹክሹክታ የሚሰጥ ሆኗል። የወረቀት ሳህን በወረቀት ሳህን ተከድኖ የሚሰጠው መልኩ ያምራል፤ ሚኒባስ ፍሬን እስኪይዝ ድረስ። የፎይሉ ደግሞ ጥርጣሬ ያስነሣል፤ አስቀድማ ፎይል የገዛች ሴት እንግዶቿን ምን ብላ እንደገመተቻቸው ግልጽ ነውና።

የመጨረሻውና እጅግ አሳሳቢው የእውነተኛ ሳህን ቋጠሮ ነው። «ነገ ከልጁ ጋር እልክልሻለሁ» ተብሎ ይወጣል። ይህ ቃል ውሸት አይደለም፤ ያልታሰበው ሌላ ሕግ ነው። በእኛ አገር ሳህን ባዶውን አይመለስም። ሳህኑን የወሰደችው ሴት በምን ሞልታ እንደምትመልሰው ስታስብ ነገ ያልፋል፤ በተራ ዳቦ እንዳትመልሰው የወሰደችው ኬክ ነው፤ ኬክ የሚኖራት ደግሞ የራሷ ልጅ ልደት ሲደርስ ነው። ልደቱ ሲደርስ ግን ሳህን ይጠባል፣ እንግዳ ይበዛል፣ ያ ሳህን ሌላ ቋጠሮ ተጭኖበት ወደ ሦስተኛ ቤት ይሄዳል። በዚህ አኳኋን ከአንድ ክፍል ወላጆች መካከል የራሷን ሳህን የያዘች የለችም፤ ሳህን የሌላትም የለችም።

ከዚህም ሌላ በኬኩ ላይ ያለው ጽሑፍ አለ። ስም በክሬም ለማጻፍ የሚጠፋው ጭንቀት ቀላል አይደለም፤ ፊደሉ ይጣራል፣ ቀለሙ ይመረጣል፣ ስልክ ሁለት ጊዜ ይደወላል። ቋጠሮ ሲጀመር ግን የሚቆረጠው ከመሐል ነው። ልጁ ናሆም ከተባለ «ና» ጎፋ ይገባል፣ «ሆ» ሳሪስ ያድራል፣ «ም» በአንዲት ጎረቤት ሶፍት ውስጥ ይሰወራል። መልካም ልደት የሚለው ምኞት ያልደረሰው ሰፈር የለም።

በቋጠሮ ክብደት የሚደረግ ሦስተኛ ምደባም ታስቦ ነበር፤ የሚመዘን ኬክ ስላልቀረ ቀርቷል። ቁጥሩን የሚያሳየው ሻማ ግን ይታጠብና ይቀመጣል፤ 6 ከሆነ ከሦስት ዓመት በኋላ ተገልብጦ 9 ይሆናል። በጠቅላላው ድግስ የተገኘ ቁጠባ ይኸው ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ባለቀኑ ልጅ ተነሥቶ ኬክ ይጠይቃል። ካርቶኑ ተከፍቶ ይታያል፤ ጥግ ላይ የተጣበቀ ክሬም ብቻ አለ። አባት ልብሱን ለብሶ ወጥቶ ከኬክ ቤት አንድ ቁራጭ ይገዛል፤ ልጁ በልደቱ ምክንያት የበላው ኬክ በደንብ ሲታይ ይህ ነው። የሚያስደስተው ግን ኬኩም አይደለም፤ ምንጣፉ ላይ የቀረውን፣ አየሩ ግማሽ የወጣ ሰማያዊ ፊኛ ሲያሳድድ ይውላል።

በመጨረሻ ለክፍሉ ወላጆች በሙሉ፦ ጠርዙ አረንጓዴ፣ መሐሉ ላይ ጽጌረዳ ያለበት የሸክላ ሳህን እናንተ ዘንድ ካለ፣ እባካችሁ በልጃችሁ ቦርሳ ላኩልን። ባዶውን ቢሆን አንቀየምም።