ማኅተም የሌለው ጉንፋን

ወልድያ ውስጥ ደመወዝተኛ መታመሙን በገዛ ሰውነቱ ማወቅ አይፈቀድለትም። ትኩሳት፣ ሳል፣ ቁርጥማት ወሬ ናቸው፤ ማስረጃ የሚባለው ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። ማኅተም ካለው ታሟል፤ ከሌለው አስመስሏል። የሕክምናን ትምህርት እንዲህ ያቀለሉልን መሥሪያ ቤቶች ምስጋና ይገባቸዋል።

ጉንፋን የያዘው ሠራተኛ እንግዲህ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ሲያተኩሰው አድሮ፣ ጧት ጋቢውን ደርቦ፣ በባጃጅ ሆስፒታል መሄድ ነው። ካርድ ያወጣል፤ ሪፈር ተጽፎላት ከላስታ ከመጣች ነፍሰ ጡርና ከመርሳ ወባ እያንቀጠቀጠው ከመጣ ገበሬ ጋር ተራ ይጠብቃል። ሐኪሙ ሲያየው «ጉንፋን ነው፤ ፈሳሽ እየጠጣህ ተኛ» ይለዋል። ይህንንማ እናቱ ሌሊት ነግራው ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ እናት ማኅተም የላትም።

ሁለተኛው መንገድ ቢሮ መግባት ነው፤ ብልህ የሚመርጠውም ይህንኑ ነው። ገና ከመግባቱ በሰዓት መፈረሚያው መዝገብ ላይ በክር ታስራ በተንጠለጠለችው፣ ሁሉም በሚጨብጣት እስክሪብቶ ይፈርማል። ከዚያ ይቀመጥና አውራ ጣቱን በምራቁ እያራሰ የባለጉዳይ ፋይል ይገልጣል። ባስነጠሰ ቁጥር ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ይማርህ!» ይላል፤ መስኮት የሚከፍት ግን የለም፤ ብርድ ይመታዋላ! አንዱ «አብሽር፣ ፌጦ በሎሚ ጠጣበት» ይለዋል። ምሳ ላይ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ያዘነለት ያጎርሰዋል፤ እሱም ውለታ የሚረሳ ሰው ስላልሆነ መልሶ ያጎርሳል።

ኢንፍሉዌንዛ ይበልጥ የሚተላለፈው ሕመሙ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 3 ወይም 4 ቀናት ነው። የእኛ ጀግና ከእነዚህ ቀናት አንዷንም አይቀርም። አለቃው በስብሰባ መካከል «እንደ እሱ ሁኑ! አሞት እንኳ አልቀረም» ይላሉ። ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም እንደ እሱ ይሆናሉ።

መጋቢት 2012 ላይ ኮቪድ አገራችን መግባቱ የተነገረ ሰሞን በየበሩ ውኃና ሳሙና ቆሞ፣ ሰላምታ በክርን ሆኖ፣ ያሳለው ሰው እንደ ሌባ ይታይ ነበር። ደግነቱ ትምህርቱን ቶሎ ረሳነው።

ጤነኛው ግን ወረቀት አያጣም። ቅዳሜ ሰርግ፣ እሁድ መልስ፣ ሰኞ «ታይፎይድ»። ጨዋ በሽታ ነው፤ በድግስ ቀን አይነሳም። በየክሊኒኩ የሚሠራው የዊዳል ምርመራ ሰውየው ቀድሞ በያዘው ኢንፌክሽን ወይም በሌላ ትኩሳት የተነሳ ታይፎይድ ሳይኖር «አለ» ሊል ስለሚችል፣ ሲክ ሊቭ ፈላጊ ባዶ እጁን ላይመለስ ይችላል። የሰው ሀብት ኃላፊው ወረቀቱን ተቀብሎ ማኅተሙን ወደ ብርሃን ዘንበል እያደረገ ይመረምራል፤ የባለወረቀቱን ፊት ቀና ብሎ አያይም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ሕጉማ ለጋስ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል፤ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ያለ ክፍያ። ፈቃዱ የሚገኘው ግን የሕክምና ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ ስድስት ወር መታመም ይቻላል፤ የሚያስቸግረው አንድ ቀን መታመም ነው።

መርሳ ላይ ማንጎ የሚጭነው የቀን ሠራተኛ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው። ወባ ሲጥለው ማንም ማኅተም አይጠይቀውም፤ ያልሠራበትን ቀን የሚከፍለውም የለም። እንዴት የታደለ ሰው ነው!

አለቆቻችን ሆይ፣ ቀልዱ ይብቃን። የቀድሞው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 እንኳ የሐኪም ወረቀት የሚጠይቀው ሠራተኛው በተከታታይ 3 ቀን ወይም በበጀት ዓመቱ ከ6 ቀን በላይ በሕመም ሲቀር ነበር። እናንተም ለአንድና ለሁለት ቀን ሕመም የሠራተኛችሁን ቃል እመኑ። ቁልፍና ገንዘብ አምናችሁ የሰጣችሁትን ሰው ስለ ገዛ ጉሮሮው የማታምኑበት ምክንያት የለም። ሳሉ ሁለት ሳምንት የሞላውን ግን ለቲቢ እንዲመረመር ራሳችሁ ወደ ሐኪም ላኩት። ትኩሳት ይዞት የመጣውንም «በርታ» አትበሉት፤ «ቤትህ ገብተህ ተኛ» በሉት።