ውዳሴ ደጋፊ

በዚህ ዘመን ታማኝነት ከምድር ጠፋ እያሉ የሚያዝኑ ሊቃውንት ሁሉ አንድ ምሽት ወደ አሜሪካ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ገብተው፣ ሃያ ሺህ ያህል ሕዝብ አንድ ቀለም ለብሶ፣ በአንድ ቃል እየጮኸ፣ ከስሙ በቀር ለማያውቀው ጎልማሳ ሲያጨበጭብና ሲያለቅስ ቢያዩ፣ ኀዘናቸውን ትተው ተመስገን ባሉ ነበር። እኔም ይህን ጥቂት ውዳሴ የማቀርበው የዚህ ሕዝብ ተጋድሎ ጸሓፊ አጥቶ እንዳይቀር በማሰብ ነው። ደጋፊነት እንደ ሌላው እምነት ጥናትና ምርመራ የሚጠይቅ አይደለም፤ ሰው በተወለደበት ሰፈር፣ ወይም ቴሌቪዥን በከፈተበት ምሽት ሳያስበው የሚወርድለት ጸጋ ነው። በኦሃዮ የተወለደ ክሊቭላንድን፣ በማሳቹሴትስ የተወለደ ቦስተንን ይወዳል፤ የአዲስ አበባውም ወጣት ሎስ አንጀለስን በካርታ ላይ እንኳ ሳይፈልግ፣ ኮቤ ብራያንት ኳስ ሲያስገባ ባየባት በአንዲት ሌሊት የከተማይቱ ቡድን የሌከርስ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያም ወዲያ ግጥሚያ ለማየት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሲነሣ፣ እናቱ ለኪዳን የተነሣ ይመስላቸዋል።

ወደዚህ እምነት መግባት ይህን ያህል የቀለለ ቢሆንም፣ በከሃዲ ላይ የሚወርደው ፍርድ ግን ቀላል አይደለም። ተጫዋቹ ሌብሮን ጄምስ በኦሃዮዋ አክረን ከተማ ተወልዶ፣ በ2003 ዓ.ም (ዘመኑን ሁሉ የምቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው) ቡድኖች አዲስ ተጫዋች የሚመርጡበት ዕጣ ለክሊቭላንድ ስለ ወጣ ለክሊቭላንድ ደረሰ፤ ይኸውም እሷ እሱን መረጠችው እንጂ እሱ እሷን አልመረጠም። ሰባት ዓመት አገልግሎ ውሉ ባለቀ ጊዜ፣ ጁላይ 8 ቀን 2010 ዓ.ም በቴሌቪዥን ቀርቦ ወደ ማያሚ እንደሚሄድ ተናገረ። ለአንድ ስንብት ያን ያህል የቴሌቪዥን ሰዓት መውሰዱ ጨዋነት የጎደለው እንደ ነበር አልክድም፤ ነገር ግን ውሉ ያለቀ ሠራተኛ ሌላ ቀጣሪ ቢፈልግ ወንጀል ነው የሚል ሕግ በዚያች አገር የተጻፈው በደጋፊ ልቡና ላይ ብቻ ነው። ሌሊቱ ሳይነጋ የክሊቭላንድ ምእመናን ስሙ ያለበትን ማሊያ በየመንገዱ አነደዱት። ልብ በሉ፤ ያነደዱት በገንዘባቸው የገዙትን ልብስ ነው፤ ገንዘቡም አስቀድሞ ከሻጩ ካዝና ገብቷል፤ እንዲህ ያለ፣ የሚጎዳው አቅራቢውን ብቻ የሆነ የሚቃጠል መሥዋዕት ከኦሪት ዘመን ወዲህ የታየ አይመስለኝም። በከተማይቱ መካከል ዐሥር ፎቅ የሚያህል ግድግዳ ሸፍኖ የኖረው፣ እጆቹን ግራና ቀኝ የዘረጋበት ግዙፍ ሥዕሉም በጥቂት ቀን ውስጥ ወረደ።

የቡድኑ ባለቤት፣ ባለጸጋው ዳን ጊልበርትም፣ በዚያው ሌሊት የግዝት ደብዳቤ አወጡ። ደብዳቤው ለሕፃናት የሥዕል መጽሐፍ በሚስማማ ተንከባላይ የፊደል ቅርጽ ተጽፎ፣ ክሊቭላንድ ከዚህ ከሃዲ አስቀድማ ዋንጫ እንደምታነሣ ትንቢት ተናገረ። ከሃዲው በ2012 እና በ2013 ዓ.ም ሁለት ዋንጫ አነሣ፤ ክሊቭላንድ ትንቢቱን እያነበበች ተቀመጠች። በ2014 ዓ.ም ሰውየው ሊመለስ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ፣ ደብዳቤው አራት ዓመት ሙሉ ከቆየበት ከቡድኑ ድረ ገጽ ማንም ሳይሰናበተው ተነሣ። ሌብሮንም ተመለሰ፤ በ2016 ዓ.ም ከተማይቱ 52 ዓመት የጠበቀችውን ዋንጫ አመጣላት፤ ማሊያ ሻጩም ሁለተኛ ጊዜ ተባረከ። ንስሓ የገባው ማን እንደ ሆነ፣ ቀኖናውንም ማን እንደ ፈጸመው አንባቢ ይፍረድ።

ይህ ሁሉ ግን ከኦክላሆማ ሲቲ ገድል ጋር ሲተያይ ገና የንፍቀ ዲያቆን ሥራ ነው። የዚያ ቡድን ተጫዋች ኬቪን ዱራንት በ2016 ዓ.ም፣ ቡድኑ በጥሎ ማለፉ ጎልደን ስቴትን በግጥሚያ ብዛት ሦስት ለአንድ ሲመራ ቆይቶ በተሸነፈ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ ውሉ አልቆ ነበርና ወደዚያው ወዳሸነፋቸው ቡድን ሄደ። በማግሥቱ ዓመት በፌብሩዋሪ ወር የቀድሞ ሜዳውን በረገጠ ጊዜ፣ ሕዝቡ ልፍስፍስ ነህ ለማለት የኬክ ሥዕል የታተመበት ቲሸርት ለብሶ፣ አንዳንዱም ራሱ ኬክ መስሎ አጊጦ ተቀበለው፤ ደርዝ ያለው ጎልማሳ፣ ምናልባትም የልጆች አባት፣ ኬክ ለብሶ ስለ ወንድነት ሲያስተምር ማየት የሚያስደንቅ ነው። የቡድኑን የትውልድ ሐረግ ለሚያውቅ ሰው ደግሞ ቅንዓቱ ይበልጥ ያስደንቃል። ቡድኑ 41 ዓመት በሲያትል፣ ሱፐርሶኒክስ ተብሎ የኖረ፣ በ1979 ዓ.ም ለዚያች ከተማ ዋንጫ ያመጣ ነው። በ2006 ዓ.ም የኦክላሆማ ባለሀብቶች ገዙት፤ በ2008 ዓ.ም ከሲያትል ከተማ ጋር በ45 ሚሊዮን ዶላር ታርቀው፣ እዚያ እያለቀሰ የቀረውን ሕዝብ ዞር ብለው ሳያዩ ጭነው ወሰዱት። ዱራንትም ራሱ በ2007 ዓ.ም የተመረጠው ለሲያትል ነበርና ከዕቃው ጋር አብሮ ተጫነ። እንግዲህ የሌላውን ከተማ ቡድን ከነታሪኩ ማፍለስ ንግድ፣ አንድ ሰው ሻንጣውን ይዞ ብቻውን መሄዱ ግን ክህደት የሚሆንበትን ምሥጢር የሚፈታ አንድምታ ቢፈለግ፣ የኦክላሆማ ሊቃውንት ያለ መምህር ያወርዱታል።

ቦስተንም በትምህርቱ የምታንስ አይደለችም። በ2017 ዓ.ም አይዜያ ቶማስ፣ በቁመት እጅግ ካጠሩት ተጫዋቾች አንዱ፣ ቡድኑ የጥሎ ማለፉን ውድድር በሚጀምርበት ዋዜማ እኅቱ በመኪና አደጋ ሞታበት ዕንባውን ጠርጎ ሜዳ ገባ፤ በልደቷም ቀን 53 ነጥብ አስቈጠረ። በኦገስት ወር ቡድኑ አሳልፎ ለክሊቭላንድ ሰጠውና በምትኩ ካይሪ ኧርቪንግን ወሰደ። ደጋፊው ጥቂት ካዘነ በኋላ፣ ምን ይደረግ፣ ንግድ ነው ብሎ ተጽናና። ኧርቪንግ ግን በ2019 ዓ.ም ውሉን ጨርሶ ወደ ብሩክሊን በሄደ ጊዜ ይህ ሁሉ ፍልስፍና የት እንደ ገባ አይታወቅም፤ አዎን፣ አስቀድሞ እቆያለሁ ብሎ ነበር፤ በ2021 ዓ.ም ለግጥሚያ ሲመለስ ከተመልካቹ መካከል አንዱ የውሃ ጠርሙስ ወረወረበት።

መቼም ፍቅር ብቻውን ደጋፊን አያጠግብም። በ2011 ዓ.ም ማያሚና ዳላስ ለፍጻሜ ሲገናኙ፣ ቴክሳስን ረግጦ የማያውቀው ሁሉ ድንገት የዳላስ ተወላጅ ሆነ፤ የዳላሱ ዲርክ ኖቪትስኪ ዋንጫውን ሲያነሣም የሚደሰተው ስለ ዲርክ ሳይሆን ስለ ሌብሮን ውድቀት ነበር። ሮበርት ቻልዲኒ የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር በ1976 ዓ.ም ባሳተመው ጥናት፣ የአሜሪካ ተማሪዎች የዩኒቨርሲቲያቸው የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን ባሸነፈ ማግሥት፣ ሰኞ ሰኞ፣ የትምህርት ቤቱ ምልክት ያለበትን ልብስ አብዝተው እንደሚለብሱ ጽፏል። እኔ ይህን ሐሜት አልቀበለውም፤ የተሸነፉ ለት ልብሱ ታጥቦ አልደረቀ ይሆናል።

አሜሪካን ብቻ ማመስገንም ግፍ ነው። የቁስጥንጥንያ ሕዝብ በሰረገላ እሽቅድምድም ሰማያዊና አረንጓዴ ተብሎ ተከፍሎ ኖሮ፣ በ532 ዓ.ም ሁለቱ ወገኖች በንጉሡ በዮስጢንያኖስ ላይ አብረው በተነሡ ጊዜ ከተማይቱ ተቃጥላለች፤ ጸሓፌ ታሪኩ ፕሮኮፒዮስ እንደሚለው 30,000 ያህል ሰው አልቋል። እነዚያ ጥንታውያን ግን በአንድ ነገር ከዛሬዎቹ ያንሳሉ። ፖርፊርዮስ የተባለ ሰረገላ ነጂ አንድ ጊዜ ለሰማያዊ፣ አንድ ጊዜ ለአረንጓዴ እየነዳ ሲያሸንፍ፣ ሁለቱም ወገኖች ሐውልት አቆሙለት። ምን ያህል የዋህ ቢሆኑ ነው!

ሥርዓቱ አንድ ጊዜ ብቻ ሲናወጥ አይተናል። በፌብሩዋሪ 2025 ዓ.ም ዳላስ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ለፍጻሜ ያደረሳትን የ25 ዓመቱን ሉካ ዶንቺችን ማንም ሳያስበው ለሌከርስ ሰጠችው። በዚህ ጊዜ የሄደው ሳይሆን የሰጠው ተሰደበ፤ ደጋፊዎች በአዳራሹ ደጅ የሬሳ ሣጥን አቁመው ለቅሶ ተቀመጡ፤ ሥራ አስኪያጁ ኒኮ ሃሪሰን ይባረር የሚል ጩኸት ከየግጥሚያው ተሰማ። በኤፕሪል ወር ሉካ የሌከርስን ማሊያ ለብሶ ሲመለስ፣ የሸጠው ቡድን በየወንበሩ ላይ በስሎቬንያ ቋንቋ ስለ ሁሉም እናመሰግናለን የሚል ቲሸርት አንጥፎ ጠበቀው፤ ሉካም የዳላስ ዘመኑን የሚያሳየውን ፊልም እያየ አለቀሰ፤ ዕንባውን አብሶም 45 ነጥብ በሻጮቹ ላይ አስቈጠረ። በኖቬምበር ሥራ አስኪያጁ ተሰናበቱ። ልውውጡን ያጸደቁት ባለቤቶች ግን ባሉበት አሉ፤ ማሊያቸውን ያቃጠለባቸውም የለም፤ ማሊያ የላቸውማ።