የተቋረጠው ሽቶ

ጉቺ በ2003 እ.ኤ.አ. ለወንዶች ያወጣውን፣ እንጨትና ዕጣን የሚሸተውን ሽቶ ማምረት ካቆመ ወዲህ ወዳጆቹ ሐዘን ተቀምጠዋል፤ አንድ ጠርሙስ ከተገኘ ዋጋ የሚከራከር የለም። ጎንደር አጠገብ ላለችው ለጠዳ ሰው ይህ ለቅሶ ግር ይላል። የመተማ ዕጣን በአዘዞ አድርጎ ወደ አዲስ አበባ ሲጫን በደጁ ያልፋል፤ ጥዱ በየደብሩ ቅጥር ቆሟል፤ የጠላው ጋን፣ የወተቱ ቅል በወይራ ይታጠናል። «ሽቶ ቅመራ እኮ ጥበብ ነው፤ ጭስ ከሸሚዝ ጋር አይሄድም» የሚል አይጠፋም። ጥበብነቱስ ይሁን፤ ጭሱ ግን ጋቢ ላይ ያድራል፣ ጠርሙስም አያስገዛም። ይልቅ የሚያሳስበው የዕጣኑ ዛፍ ነው፦ ያለ ልክ እየቆሰለ፣ ችግኙም በእሳትና በከብት እያለቀ ነው። ጉቺ ካሻው ቀመሩን ነገ ይመልሳል። ለመተማው ዛፍ ያለቀሰ ሽቶ ወዳድ ግን እስካሁን አልተሰማም።