ዙሐል ስንቅ ሲያመላልስ አላየሁም

ቃሊቲ መናኸሪያ አጠገብ፣ ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር ሲኒዎቿን ከአቧራ በነጠላዋ የምትከድን ቡና አፍዪ አለች። እቴቴ ነው የምንላት። ረከቦቷ ዙሪያ አምስት ዱካ አለ፤ ስድስተኛ ሰው ከመጣ ቆሞ ይጠጣል፣ ቆሞም ይተረባል።

ባለፈው ቅዳሜ አቦሉ ሳይወርድ የአንጋፋ ተዋንያን ወሬ ተነሳ። ማን ጠፋ፣ ማን ተመለሰ፣ ማንስ በስተርጅና ደመቀ። የሰፈራችን ኮከብ ቆጣሪ ጥግ ይዘው ሲያዳምጡ ቆዩና ከካፖርታቸው ኪስ የታጠፈች ደብተር አወጡ።

«ኮከብ ተዋናይ፣ ኮከብ ተዋናይ ትላላችሁ። ኮከቡን የማውቀው ግን እኔ ነኝ» አሉ።

«ይቁጠሩልን ጋሼ። ኮከባቸውን ቆጥረው ሲያበቁ ያልተከፈላቸውንም ይቁጠሩላቸው» አልኳቸው።

አልተቆጡም፤ ተረብ ለምደዋል። የአንጋፋውን ተዋናይ የደበበ እሸቱን ስም ጻፉና አሠራሩን አስረዱን። ስም ከእናት ስም ጋር ይደመራል፤ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ድምሩ በ12 ይገደፋል። የተረፈው ነው ኮከቡ፦ 1 ቢተርፍ ሐመል፣ 2 ቢተርፍ ሠውር፣ 3 ቢተርፍ ገውዝ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ሑት። የአውደ ነገሥት ስሌት ነው፤ አያቶቻችን ሲዳሩም ሲታመሙም አስቆጥረውበታል። እኔም ልጅ ሆኜ ተቆጥሮልኛል። እሳት ነው ተብዬ እናቴ ከምድጃ ታርቀኝ ነበር፤ እስከ ዛሬ ሽሮ መሥራት የማልችለው በዚያ ነው።

«ጋሼ፣ በ12 ሲገድፉ የሚገደፈው ምኑ ነው?»

«ትርፉን ለማግኘት ነዋ።»

«ሰውየው መድረክ ላይ የቆመበት ዘመን፣ ያጠናው ቃለ ተውኔት፣ እንቅልፍ ያጣበት ልምምድ ሁሉ ተገድፎ አንዲት ቁጥር ከተረፈች፣ ይኼ እውነትም ግድፈት ነው።»

እቴቴ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። ደግሞም ስሌቱ በስም ከሆነ፣ ደበበ ተብሎ የእናቱም ስም የገጠመለት ሰው አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ድርና ማግ ሲያገናኝ ኖሮ ይሆናል። እሱንስ የአሜሪካ ፊልም ሠሪ ለምን ሳይጠራው ቀረ?

«ስም ብቻ አይደለም፤ ዙሐል ነው» አሉ፣ ቢካቸውን ወደ ሰማይ አንስተው። «ዙሐል ኮከብህ ቤት ሲገባ ይጫንሃል። ሲወጣልህ ትነሳለህ። ደበበ ሲነሳ አየህ፣ ሲታሰርም አየህ።»

ዙሐል ሳተርን የሚሉት ነው። ፀሐይን አንዴ ለመዞር 29 ዓመት ተኩል ግድም ይፈጅበታል። ይኼን ለአሥራ ሁለቱ ቤት ስታካፍለው በየቤቱ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ይሰነብታል ማለት ነው።

«እንግዲህ ጋሼ፣ የዚያ ኮከብ ሰው ሁሉ ለሁለት ዓመት ተኩል ከታሰረ ቃሊቲ ይበቃል?»

በዚህ ጊዜ ጀበናዋን የያዘችው እጅ አየር ላይ ቆመ። የወህኒው ግንብ ከዚህ ሩቅ አይደለም፤ ቃሊቲ ሲባል ለእኛ ሰፈራችን ነው፣ ለሌላው አገር ግን እስር ቤት ነው።

የጋሽ ደበበ ነገር የሰማይ ምስጢር የለበትም፤ ዓመቱ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ1973 ለሕዝብ የቀረበው «ሻፍት ኢን አፍሪካ» ላይ ከሪቻርድ ራውንድትሪ ጋር ተጫወቱ። ፊልሙ የኤምጂኤም ነው፤ ከፊሉ የተቀረጸውም እዚሁ አገራችን ነው። ያን ጊዜ ያስጠራቸው ችሎታቸው ነው፤ ጥርት ያለው ንግግራቸው፣ በአገር መድረክ የተገራው ሰውነታቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ በ1997ቱ ምርጫ የተቃዋሚው ፓርቲ የቅንጅት ሰው ሆነው ተገኙ። ከምርጫው በኋላ ከፓርቲው መሪዎች ጋር ታሰሩ፤ በሐምሌ 1999 በይቅርታ ወጡ። በ2003 ጳጉሜን እንደገና ተያዙ፤ ኋላ ተለቀቁ። አንድ ተዋናይ የበሰለ ዕድሜውን ለካሜራ ሊሰጥ ሲገባው የችሎት ቀጠሮ ሲቆጥር ማየት ያንገበግባል። ያንን ቀጠሮ የሰጠው ግን ሰው ነው፤ ማኅተም ያለው፣ ፊርማ ያለው ሰው።

«ዙሐል ነው ያሰራቸው ካሉኝማ የፈረመው ሰው በነፃ ሄደ ማለት ነው» አልኳቸው።

«ሰውየውንስ ያስፈረመው ማን ሆነና?» አሉ ጋሼ። ቀላል መልስ አልነበረም፤ ክርክር የሚያውቁ ሰው ናቸው።

መልሱን የሰጠቻቸው እቴቴ ናት። ቶናውን እየቀዳች፣ ቀና እንኳ ሳትል፦

«ጋሼ፣ እዚህ ከተቀመጥኩ ስንት ዓመቴ ነው። በዚህ በኩል ስንቅ ይዛ ያለፈች ሚስት አይቻለሁ፣ እናት አይቻለሁ፣ የስምንት ዓመት ልጅ አይቻለሁ። የእንጀራው ሰሃን በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ወጡ እንዳይፈስ በጨርቅ ታስሮ። ዙሐል ስንቅ ሲያመላልስ ግን አንድ ቀን አላየሁም።»

ከዚያ በኋላ ለትንሽ ጊዜ የሰማነው የሲኖትራክ ድምፅ ብቻ ነው።

ዝምታውን የሰበረው ቆሞ የሚጠጣው ልጅ ነው። የህንድ ፊልም ወዳጅ ስለሆነ አሚታብ ባቻንን አመጣ። «ህንዶች እኮ ሳተርን ሰባት ዓመት ተኩል ያንገላታል ይላሉ። አሚታብም በዚያ ወድቆ በዚያ ተነሳ» አለ።

እውነት ነው፤ ህንዶች «ሳዴ ሳቲ» የሚሉት የሰባት ዓመት ተኩል መከራ አለ። አሚታብም እውነት ወድቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ፣ ያቋቋመው ኩባንያ ከሥሮ ዕዳ ላይ ጣለው። «ሾሌ» በተባለው ፊልም አገር ያስጨበጨበ ሰው አበዳሪ በሩ ላይ ቆመበት። ከዚያ ምን አደረገ? ራሱ እንደተናገረው፣ በእግሩ ሄዶ ፊልም ሠሪው ያሽ ቾፕራ ዘንድ «ሥራ ስጠኝ» አለ። «ሞሃባቴን» የተባለው ፊልም በዚያው ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2000። በዚያው ዓመት የጥያቄና መልሱን የቴሌቪዥን ውድድር መምራት ጀመረ፣ ህንድ እንደ አዲስ ወደደችው። ዕድሜው ወደ 58 እየተጠጋ ነበር።

«ዙሐል መጥቶ በሩን አላንኳኳለትም፤ እሱ ነው ሄዶ የሰው በር ያንኳኳው» አልኩት ልጁን።

«የተከፈተለት ግን በኮከቡ ነው» አለኝ።

«የከፈተለት ያሽ ቾፕራ ነው። የሚከፍት ሰው ከሌለማ ኮከብህ ደጅ ያድራል።»

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ አልለቀቅኩትም። በእኛም አገር የተከፈተበትን ጊዜ አይተናል። አበበ ባልቻ የቴአትር ሰው ናቸው፤ «ሰው ለሰው» የተባለው የቴሌቪዥን ድራማ ሲመጣ ግን አስናቀ የሚባል ጉልህ ገጸ ባሕርይ ተጻፈ። ክፉ፣ ብልህ፣ ሲያፈቅርም ሲያስፈራም የሚታመን የበሰለ ሰው። ያን ሰሞን አስናቀን የማያውቅ ቤት ለማግኘት ይከብድ ነበር። የበሰለ ተዋናይ በእርጅና ዋዜማ እንዲህ እንዲገን ያደረገው፣ ለበሰለ ሰው የሚመጥን ቃል ቁጭ ብሎ የጻፈ ደራሲ መኖሩ ነው።

«ፍቃዱስ?» አለች እቴቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ፍቃዱ ተክለማርያም። አፄ ቴዎድሮስን በመድረክ ያቆመ፣ መጽሐፍ ሲተርክ ቤት ሙሉ ሰው ትንፋሹን የሚይዝለት። ኩላሊቱ ታሞ ሕዝቡ ለሕክምናው ገንዘብ እያሰባሰበለት ሳለ ሐምሌ 24 ቀን 2010 አረፈ።

«ቀኑ ደርሶ ነው» አሉ ጋሼ። በዚህ ጊዜስ ድምፃቸው ውስጥ ኀዘን ነበር።

«በቀኑ አልከራከርዎትም ጋሼ፤ የፈጣሪ ነው። ከቀኑ በፊት የነበረውን ወር ግን ማን ቆጠረው? አገር በድምፁ ያደገበት ሰው ሲታመም የሚታከመው በመዋጮ ከሆነ፣ 'ኮከቡ ጠለቀ' የምንለው ለራሳችን ሽፋን ነው። ኮከብ በጠለቀ ማንም አይጠየቅማ።»

ጋሼ ደብተሯን ዘጉ። የተሸነፉ አልመሰለኝም፤ በረካው ደርሶ ሲኒ መቀበል ስለነበረባቸው ነው። ደብተሯ ላይ የደበበ ስም እንደተጻፈ ነው፤ ድምሩ አልተሠራም።

ቆሞ የሚጠጣው ልጅ ግን አልሄደም። ለካ የፊልም ድርሰት እየጻፈ ነው፤ ከጀርባ ቦርሳው የታሰረ ወረቀት አወጣ። ጋሼን ሊያማክር ነበር ያሰበው፣ በየትኛው ወር ቢያስገባ እንደሚቀናው።

«ድርሰትህ ውስጥ አረጋዊ ሰው አለ?» አልኩት።

«አለ እንጂ! አንድ አባት አሉ።»

«በስንተኛው ገጽ ይገባሉ?»

ገለጠ፣ ገለጠ። «ሠላሳ ስምንተኛው ላይ።»

«ምን ያደርጋሉ?»

«ሙሽሮቹን ይመርቃሉ።»

«ከዚያስ?»

ልጁ ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ፣ ጋሼን አየ። «ከዚያ... ይሞታሉ» አለ።

ጋሼ ነበሩ ቀድመው የተናገሩት። ቢካቸውን አውጥተው ዘረጉለትና «ና፣ እዚህ ተቀመጥ» አሉት፣ ዱካቸውን እየለቀቁለት። «እኚህን ሰውዬ ገጽ አንድ ላይ አምጣቸው። ሲገቡ ተቆጥተው ይግቡ፤ የሚያስቆጣቸውን እኔ እነግርሃለሁ።»

እቴቴ ለልጁ አራተኛ ሲኒ ቀዳችለት። አራተኛ ቀድታ አታውቅም።