እንዳታጥፋት!

አደራ ብዙ ዓይነት ነው። የማር አደራ “እንዳይፈስ” ይባላል፣ የእንቁላል “እንዳይሰበር”፣ የገንዘብ ደግሞ “እንዳትነካው”። ከሁሉም የሚከብደው የዳንቴል አደራ ነው፤ “እንዳታጥፋት!” ይላሉ። የፈሰሰና የተሰበረ ነገር በይቅርታ ያልቃል። ዕጥፋት ግን ማስረጃውን ጨርቁ ላይ ጽፎ ይቀራል፤ ያንን ጽሑፍ ለማንበብ ደግሞ እንደ አክስት የሚችል የለም።

አጋሮ ያለችው አክስቴ ልጇን ልትድር ነው። ቡናው ተሸጦ ጥር ሲገባ ሠርግ ይደገሳል፤ ለሙሽሪት የሚሰጠው የአልጋ ልብስ ሙሉ ዳንቴል እንዲሆን ተወሰነ። እንዲህ ያለውን ሥራ አንድ ሰው ከዳር እስከ ዳር አይወጣውም። መሀሉ ላይ አበባ ያለው፣ ሁለት ስንዝር የማይሞላ ካሬ እየሆነ ይከፋፈላል፤ ዘመድ አዝማድ ኪሮሹን ይዞ በየቤቱ ይሠራና መጨረሻ ላይ አንድ ቦታ ይገጣጠማል። የአዲስ አበባው ካሬ የእህቶቼ ድርሻ ሆነ፤ ማድረሱ የእኔ። አንዱ ካሬ ጥጉ ከተሸበሸበ ከጎረቤቱ ጋር አይገጥምም። ካልገጠመ የአልጋ ልብሱ ይጣመማል። የአልጋ ልብሱ ከተጣመመ፣ በአክስቴ ስሌት፣ ትዳሩም ይጣመማል። እንግዲህ የሁለት ሰዎች ዕድሜ ልክ እኔ ጭን ላይ ነው የሚጓዘው።

ካሬዎቹ እንዲጠነክሩ አንደኛዋ እህቴ በስኳር ውሃ ይነከሩ አለች። ስኳር እርግጥ ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ጉንዳንም ይጠራል። “ሙሽሮቹን ማን ያካቸዋል?” ብላ ሁለተኛዋ ስለተቃወመች በአሚዶ ተነከሩ፤ ጥግ ለጥግ ተወጥረው ደረቁ፤ ተተኮሱ። ከዚያ ስለ አስተሻሸጉ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ጎረቤታችን በጋዜጣ ጠቅልለው አለኝ። ጋዜጣ ቀለሙ ይለቃል፤ ሙሽራው ትራሱ አጠገብ የኑሮ ውድነት ዜና እያነበበ እንዲያድር አልፈለግንም። ሌላው በዣንጥላ ላይ ይጠቅለል አለ። ይሄ ለትልቅ ጨርቅ ደህና ምክር ነው፤ ጥቅልል ጉብጠቱን ለሙሉው ጨርቅ ያካፍላል፣ ዕጥፋት ግን ሸክሙን ሁሉ አንድ መስመር ላይ ይጥላል። ለትንንሽ ካሬ የሚሻለው ተደራርቦ መተኛት ነው። ስለዚህ የብስኩት ካርቶን ለሁለት ተቆርጦ፣ በየመሀሉ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ገብቶበት፣ በሰፊ ጥብጣብ ላላ ተደርጎ ታሰረ። ቀጭን ሲባጎ ቢሆን እሱ ራሱ መስመር ያወጣ ነበር።

ጨርቅ የሚጨማደደው ሦስት ነገሮች ሲገናኙ ነው፤ ሙቀት፣ እርጥበትና ክብደት። ጥጥ ደርቋል በምንለው ሰዓት እንኳ ከክብደቱ 8 በመቶ ያህል ውሃ በውስጡ ይይዛል። ሲሞቅ ክሩ ይላላል፤ ሲጫኑት በተጫነው መልክ ይተኛል፤ ሲቀዘቅዝና ሲደርቅ በዚያው መልክ ይጸናል። ካውያም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ ካውያ የምንፈልገውን መስመር ያወጣል፣ መንገድ የማንፈልገውን። ወደ አጋሮ የሚወስደው የጅማ መንገድ ደግሞ ሦስቱንም ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያቀርባል።

ክብደቱ ገና መናኸሪያ ይጀምራል። ረዳቱ ካርቶኔን አይቶ “እሷ ፖርቶ መጋላ ላይ ትውጣ” አለ። ፖርቶ መጋላ ላይ ያለውን አየሁ፤ የብረት አልጋ፣ ሁለት ፍራሽና አንድ በግ። “ጭኔ ላይ ትሁን” አልኩ። አገራችን ውስጥ ግን ጭን ላይ ያለ ጠፍጣፋ ነገር ጠረጴዛ ነው። ወሊሶ ሳንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ድርቆሽ ፍርፍራቸውን ዘርግተውበት “ብላ እንጂ ልጄ፣ ምን ያሽኮረምምሃል?” አሉኝ። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ መብላት ደግሞ ዘይት ነው። እጄን ከሥር እንደ ድልድይ አድርጌ ጎረስኩ። ወልቂጤ ላይ የተሳፈረች ወጣት እናት “ወንድሜ፣ እስክስተካከል ያዝልኝ” ብላ ሕፃኗን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠችው። ልጁ ደረቅ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል። እየጸለይኩ ያዝኩት።

ሙቀቱን ግቤ ይሰጣል። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ካላት አዲስ አበባ የተነሳ መኪና ግቤ ሸለቆ ወደ 1,100 ሜትር ገደማ ይወርድና ከወንዙ ማዶ ተነስቶ ወደ ጅማ 1,700 ሜትር እንደገና ይወጣል። ቁልቁለቱ ላይ ስልኬ ጮኸ፤ አክስቴ ናት። “ግቤ ስትደርስ መስኮት ክፈት፤ እንዳትታፈን” አለችኝ። እኔን መስሎኝ ደስ አለኝ፤ ዳንቴሏን ነው። መስኮቱን በአንድ ጣት ከፈት ሳደርግ ከኋላ ስድስት ሰው ባንድ ድምፅ “ንፋስ! ንፋስ!” አለ። ተሳፋሪያችን ብርድ ላይ ሆነ በረሃ ላይ ንፋስን አይምርም። መስኮቱ ተዘጋ፤ ስልሳ ሰው በአንድ ላይ ማላብ ጀመረ፤ እርጥበቱም በዚሁ ተሟላ።

የቀረ እርጥበት ካለ ጅማ ጨመረችው። ጥቅምት ነበርና ዝናቡ ገና አልወጣም። እዚያ የአጋሮ ሚኒባስ ስይዝ የገባኝ ነገር አለ፦ ዳንቴልን የሚያጨማድደው መጥፎ መንገድ አይደለም፤ ጥሩ ሰው ነው። አንዱ የጅማ በርጩማ ገዝቶ ከእግሬ ሥር አስገባልኝ፣ “እግርህ እንዳይደክም”። አንዷ አቮካዶ በፌስታል ሞልታ “ለመንገድህ” ብላ ካርቶኑ ላይ አኖረችልኝ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሆነ መንገድ አንድ ፌስታል አቮካዶ! ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ተጣልቼ ካርቶኔን አድን ነበር። ከደግ ሰው ግን ምን ይዘህ ትሟገታለህ?

አጋሮ ስደርስ አክስቴ ጉንጬን ከመሳሟ በፊት ጥብጣቡን ፈታች። ካሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ ብርሃን እያነሳች ስታይ የፈተና ውጤት የሚጠብቅ ተማሪ ሆንኩ። አብዛኞቹ አለፉ። ጥቂቶቹ ጥጋቸው ለስልሷል፤ አሚዶው ረጥቦ ተኝቷል።

ባለቤቷ የዚያው የጎማ ወረዳ ገበሬ ነው፤ ቡና የተገኘው እዚሁ ጎማ፣ ቾጬ ነው የሚለውን ነገር ከካፋ ሰው ጋር ለመከራከር እንቅልፉን የሚሰጥ። “ለዚህ ነው የምትጨነቁት?” አለ። “ቡና እኮ ከሱ ይበልጥ ልፍስፍስ ነው። ማድረቂያ አልጋ ላይ በስሱ ትዘረጋዋለህ፤ በእጅህ ትገላብጠዋለህ፤ የቀትር ፀሐይ ሲከር ትሸፍነዋለህ፤ ማታም ጤዛ እንዳይነካው ትሸፍነዋለህ። እርጥበቱ 12 በመቶ ገደማ እስኪደርስ እንደ አራስ ነው የሚጠበቀው። አምጡት፣ የቡናው አልጋ ላይ በጥላ ይዋል።”

“ቡና ቡና ይሸትብኛል!” አለች አክስቴ።

“የጎማ ሙሽራ ቡና ቡና ብትሸት ምን ነውር አለው?”

ክርክሩን ያስቆመችው አክስቴ ናት። የአልጋው ሽቦ አበባዎቹ ላይ ወንፊት ያትማል አለች፤ ይህንን ገበሬውም አመነ። የተወሰነው የድሮው መንገድ ሆነ፤ ካሬዎቹ በአንሶላ መሀል ተዘርግተው ፍራሽ ሥር ገቡ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሱሪውን የሚተኩሰው በዚህ ዘዴ መሆኑን ዶርም ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። ከላይ ክብደት ያስፈልጋል፤ ክብደቱም እኔ ሆንኩ። “ሳትገላበጥ ተኛ፣ እሺ?” አለችኝ መብራቱን እያጠፋች። እንግዳ ተቀብለው ካውያ ያደረጉት እኔን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ጠዋት ወገቤ ታጥፎ ተነሳሁ፤ ዳንቴሉ ግን ተዘርግቶ።

የአልጋ ልብሱ ተያያዘ፤ በሠርጉም ዕለት አልጋው ላይ ሲነጠፍ ሴቶቹ እልል አሉ። ሙሽሪት በማግስቱ አንስታ ስምንት ቦታ አጠፈችው፤ ናፍታሊን ጨምራ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችው፤ “ለእንግዳ” ብላ። በተከታዩ ዓመት ከአክስቴ ጋር ልጠይቃት ስሄድ ያ እንግዳ እኔ ሆንኩና ዳንቴሉ ወጣ። ቁመቱንና ወርዱን የሚከፍል የዕጥፋት መስመር እንደ እርሻ ድንበር ወጥቶበታል።

አክስቴ መስመሩን በጣቷ ተከተለች። ልጇን አላየችም፤ ሳጥኑንም አላየችም። ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

“ግቤ ላይ መስኮቱን አልከፈትክም ነበር፣ አይደል?”